ሻንጣው የት ደረሰ? ከአዳማ ጓዳ እስከ አቡሴራ

ጥር 2 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቢሾፍቱ ወጣ ብሎ በሚገኘው አቡሴራ የአዲሱ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ግንባታ በይፋ ሲጀመር፣ ዜናውን የሞሉት ትልልቆቹ ቁጥሮች ነበሩ፤ 12.5 ቢሊዮን ዶላር ወጪ፣ አራት ማኮብኮቢያ፣ ለ270 አውሮፕላኖች ማቆሚያ፣ በመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 60 ሚሊዮን፣ ሁሉም ሲጠናቀቅ 110 ሚሊዮን መንገደኛ። ንድፉን የሠራው ዛሃ ሐዲድ አርክቴክትስ የጠቀሰው አንድ ቁጥር ግን ብዙም አልተወራለትም። ከአሥር መንገደኛ ስምንቱ ያህል ከግቢው ሳይወጡ ከአንዱ አውሮፕላን ወርደው በሌላው ይሳፈራሉ ተብሎ ይጠበቃል።

ለእነዚህ ሰዎች ቢሾፍቱ ቡና እየጠጡ፣ ስልካቸውን ቻርጅ እያደረጉ የሚያልፉበት መተላለፊያ ነው። ከአንዱ አውሮፕላን ሆድ ወጥቶ፣ ተለይቶና ተደርድሮ ወደ ሌላው መግባት ያለበት ሻንጣቸው ግን ከባዱን ፈተና የሚወስደው እዚያ ነው።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። ለአየር መንገዶች የመረጃ ሥርዓት የሚያቀርበው ሲታ በየዓመቱ በሚያወጣው ዘገባ መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ከየአንድ ሺህ መንገደኛ 19 የሚጠጋ ሻንጣ ዘግይቷል፣ ጠፍቷል ወይም ተጎድቷል፤ በድምሩ 46.9 ሚሊዮን። በ2024 ከሺህ መንገደኛ ወደ 6.3 ወርዶ ድምሩ 33.4 ሚሊዮን ሆነ። የተጓዡ ብዛት ከእጥፍ በላይ አድጎ ሳለ የተበላሸው ሻንጣ መቀነሱ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ለመዘግየት ዋናው ምክንያት ዛሬም በመሸጋገሪያ ላይ የሚደርሰው ስህተት ነው፤ በ2024 ድርሻው 41 በመቶ ነበር። እንግዲህ ስምንት አሥረኛው መንገደኛው ተሸጋጋሪ የሚሆን ጣቢያ የሚሠራ አገር፣ የዓለም ሻንጣዎች በብዛት የሚሳሳቱበትን ሥራ ዋና ሥራው አድርጎ እየመረጠ ነው ማለት ነው።

ሻንጣ መንገዱን የሚያውቀው ታግ በሚባለው፣ በእጀታው ላይ በሚጠመጠመው ወረቀት ነው። ብዙ ሰው የሚያየው ሦስቱን ትልልቅ ፊደላት ብቻ ነው፤ የሚቆጠረው ግን ከባርኮዱ ሥር ያለው ባለ አሥር አኃዝ ቁጥር ነው። ከመጀመሪያዋ አኃዝ ቀጥሎ ያሉት ሦስቱ የአየር መንገዱን መለያ ያሳያሉ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ 071 ነው። የቀሩት ስድስቱ የዚያ ሻንጣ የራሱ ናቸው። የመጀመሪያዋ አኃዝ 2 ከሆነች ሻንጣው ከባለቤቱ ተለይቶ ቀርቶ በጥድፊያ እየተላከ ነው ማለት ነው። መንገደኛው ከመሳፈሪያ ወረቀቱ ጋር የሚሰጠው ትንሿ ቁራጭም ያንኑ ቁጥር ይዛለች። ያቺን ቁራጭ ታክሲ ውስጥ ጨምድዶ የሚጥል ሰው ከእጁ ያለችውን ብቸኛ ማስረጃ እየጣለ ነው።

እ.ኤ.አ. ከሰኔ 1 ቀን 2018 ጀምሮ የዓለም አየር መንገዶች ማኅበር አያታ በውሳኔ ቁጥር 753 አባላቱን አራት ቦታ ላይ ሻንጣ እንዲመዘግቡ አስገድዷል፤ ከመንገደኛው ሲረከቡት፣ አውሮፕላን ላይ ሲጭኑት፣ በመሸጋገሪያ ወደ ሌላ ተሸካሚ ሲያስረክቡት፣ በመጨረሻም ለባለቤቱ ሲመልሱት። በየአንዳንዱ ርክክብ ማን እንደያዘው የሚናገር መዝገብ ይኖራል። ውሳኔው አየር መንገዶች መረጃውን እንዲይዙና ሲያስፈልግ እርስ በርሳቸው እንዲለዋወጡ ይላል። ለመንገደኛው እንዲያሳዩት ግን አያስገድድም። የሻንጣ ክትትል ትልቁ ጉድለት ከማሽኖቹ አቅም ይልቅ እዚህ ላይ ነው። መዝገቡ አለ፣ ባለቤቱ አያየውም። አንዳንድ አየር መንገዶች በስልክ መተግበሪያቸው ሻንጣው ተጫነ፣ ወረደ እያሉ ያሳውቃሉ፤ ሌሎች ደግሞ ሰው በቀበቶው ዙሪያ አንድ ሰዓት ቆሞ የመጨረሻው ሻንጣ አልፎ ቀበቶው ሲቆም እንዲገባው ይተዉታል።

ለአዳማ፣ ለመቂ፣ ለባቱና ለሻሸመኔ ሰው ጉዳዩ ከዚያም ቀደም ብሎ ይጀምራል። ከዚህ መስመር ወደ ጅዳ፣ ሪያድ፣ ዱባይና ቤይሩት ለሥራ የሚሄደው፣ ወደ ዋሽንግተን ወይም ሚኒያፖሊስ የሚመለሰው ሰው ብዙ ነው። ሻንጣው ቤት ውስጥ ይታሸጋል። ዘመድ ተሰብስቦ ይመዘናል፣ ይቀነሳል፣ እንደገና ይመዘናል፤ በርበሬው፣ ሽሮው፣ በሶው፣ የአርሲው ጩኮና ንጥር ቅቤው በላስቲክ ላይ ላስቲክ ይጠቀለላል። ከዚያ ዚፑ እንዳይከፈት በፕላስተር ይዞራል፣ በገመድ ይታሰራል፣ በማርከር ስምና ስልክ ቁጥር በትልቁ ይጻፍበታል፤ ከሌላው እንዲለይም ቀይ ጨርቅ ይታሰርለታል። ይህን የሚያዩ ብዙዎች ይስቃሉ። ነገር ግን ታጉ በመንገድ ላይ ቢቀደድ ሻንጣውን ለባለቤቱ የሚመልሰው የተጻፈው ስም ነውና፣ ከማርከሩ መሳቅ ስህተት ነው። ጥፋቱ ገመዱ ላይ ነው። የተንዘላዘለ ገመድና የተላቀቀ ጨርቅ በተንቀሳቃሽ ቀበቶዎች መጋጠሚያ ይያዛል፣ ሻንጣውንም መሥመሩንም ያስቆማል። ስሙ ከውጭ ብቻ ሳይሆን ከውስጥም፣ ከልብሱ በላይ በወረቀት ቢቀመጥ ይሻላል፤ ታጉ የጠፋበት ሻንጣ መጨረሻ ላይ ይከፈታልና።

ቅቤውና ጩኮው ደግሞ ሌላ ታሪክ አላቸው። የሻንጣ ኤክስሬይ ነገሮችን በቀለም ይለያል፤ ብረት ሰማያዊ፣ ከዕፅዋትና ከእንስሳት የተገኘ ነገር ደግሞ ብርቱካንማ ሆኖ ይታያል። ብዙ ፈንጂዎችም የሚወድቁት በዚሁ ብርቱካንማ ወገን ነው። አዲሶቹ ማሽኖች እንደ ሆስፒታሉ ሲቲ ስካን በሻንጣው ዙሪያ እየተሽከረከሩ ንብር በንብር ሥዕል ያነሣሉ፣ የእያንዳንዱን ነገር እፍጋትም ይለካሉ። ማር፣ ቅቤና በቅቤ የታሸ ዱቄት በእፍጋታቸው ለአንዳንድ ፈንጂዎች የሚቀርቡ ስለሆኑ ማሽኑ ይጠራጠራል፤ ሻንጣው ከመሥመር ወጥቶ በሰው ዓይን ይታያል፣ አንዳንዴም ይከፈታል። በመሸጋገሪያ ላይ አርባ ደቂቃ የቀረው ሻንጣ አሥራ አምስቱን ለጩኮ ካጠፋ ቀጣዩ በረራ ያመልጠዋል። ምግቡን በአንድ ትልቅ ጥቅል ከማጨቅ ይልቅ በትናንሹ ከፋፍሎ በልብሱ መሐል መበተን ለተመልካቹም ለባለቤቱም ይቀላል።

ይህ ሁሉ ጥርጣሬ ያለ ምክንያት አልመጣም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ራሱ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1969 ፍራንክፈርት ላይ ቆሞ የነበረ ቦይንግ 707 አውሮፕላኑ በፈንጂ ተጎድቶበታል። በ1985 የኤር ኢንዲያ አውሮፕላን፣ በታኅሣሥ 1988 ደግሞ የፓን አም በረራ 103 በስኮትላንዷ ሎከርቢ ሰማይ ላይ ሲፈነዱ፣ በመጀመሪያው 329፣ በሁለተኛው 270 ሰዎች አለቁ። በሁለቱም ፈንጂው የገባው ባለቤቱ ባልተሳፈረበት ሻንጣ ነው። ከዚያ በኋላ በዓለም አቀፍ በረራ ላይ የሰውና የሻንጣ መመሳከር ግዴታ ሆነ፤ ተመዝግቦ ያልተሳፈረ ሰው ካለ ሻንጣው ተፈልጎ ይወርዳል። የዘገየ አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጠው ለምን እንደማይነሣ የሚያማርሩ መንገደኞች ብዙ ጊዜ የሚጠብቁት ያንን ሻንጣ ነው። የክትትል ሥርዓቱ የጠፋን ለማግኘት ብቻ የተሠራ የሚመስለው ሰው ግማሹን አላየም። በየትኛው ኮንቴይነር ውስጥ እንዳለ የታወቀ ሻንጣ በደቂቃዎች ይወርዳል፤ ያልታወቀው ሁሉንም ያስፈታል።

እዚህ ላይ ቴክኖሎጂው ከአገሩ ልማድ ጋር ይጋጫል። ከአዳማ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው የራሱን ብቻ ይዞ አይሄድም። የጎረቤት ልጅ እዚያ አለች፣ የአክስት ልጅ እዚያ አለ፤ «ይህችን ብቻ አድርስልኝ» የማይባል ተጓዥ የለም፣ እምቢ ማለትም ነውር ነው። መመዝገቢያ መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ «ሻንጣውን ያሸጉት ራስዎ ነዎት? ከሌላ ሰው የተቀበሉት ዕቃ አለ?» ብላ ስትጠይቅ፣ እውነቱን የሚመልስ ጥቂት ነው። ታጉ የሚመዘግበው አንድ ስም ነው፤ በውስጡ የአምስት ቤት አደራ ቢኖርም ተጠያቂው አንዱ ነው። ማሽኑ ይህን ችግር አይፈታውም። መፍትሔው የተቀበሉትን ዕቃ ፊት ለፊት ከፍቶ ማየት ነው፤ የሚከፋው ይከፋ።

የከፋው ደግሞ ሰው ያልነካው ሻንጣ በስሙ ሲጓዝ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 ከሰሜን ናይጄሪያዋ ካኖ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ለጸሎት የሄደች ተማሪ፣ ትራማዶል የተባለው መድኃኒት የታጨቀበት፣ በስሟ የተለጠፈ ሻንጣ ተገኝቶ ታሰረች። ምርመራው ታጉን የለጠፉት የአውሮፕላን ማረፊያው ሠራተኞች መሆናቸውን አሳየ፤ እርሷ ነፃ የወጣችው በሚያዝያ 2019 መጨረሻ ነው። በመጋቢት 2023 ደግሞ ከብራዚል የተነሡ ሁለት ሴቶች ፍራንክፈርት ላይ ኮኬይን ባለበት ሻንጣ ተይዘው 38 ቀን ታሰሩ፤ ሳኦ ፓውሎ ላይ ታጎቻቸው ከሻንጣቸው ተነቅለው ሌላ ላይ ሲለጠፉ የደኅንነት ካሜራ ቀርጾ ስለነበር ተለቀቁ። ክትትሉ በሁለቱም ጉዳይ ሠርቷል፤ ቁጥሩ በትክክል ተነቧል። የተከታተለው ግን ወረቀቱን ነው። በርክክብ ጊዜ የሻንጣው ክብደትና ፎቶ ከታጉ ቁጥር ጋር አብሮ ቢቀመጥ እንዲህ ያለው ክስ በአንድ ቀን ይፈርሳል። እስከዚያው መንገደኛው ራሱ ሻንጣው ሚዛን ላይ እያለ፣ ታጉ እየታየ፣ በስልኩ ፎቶ ቢያነሣ ወጪ የለውም።

ብዙ ተጓዥ በአየር መንገዶች ዝምታ ተሰላችቶ የራሱን መሣሪያ ገዝቷል። አፕል እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 ያወጣው ኤርታግ ሳንቲም የሚያክል ባትሪ ይዞ በብሉቱዝ ይጣራል፤ በአጠገቡ የሚያልፍ ማንኛውም አይፎን ጥሪውን ሰምቶ ቦታውን ለባለቤቱ ያስተላልፋል። በ2022 የጀርመኑ አየር መንገድ ሉፍታንዛ አይፈቀድም ብሎ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቃሉን አጠፈ፤ በ2024 መጨረሻ ግን አፕል ባለቤቱ የሻንጣውን ቦታ ለአየር መንገዱ እንዲያጋራ የሚያስችል መንገድ ሲከፍት ሉፍታንዛ ራሱ ከተቀበሉት አንዱ ሆነ። ነገሩ ተገለበጠ። መንገደኛው ለአየር መንገዱ ሻንጣው የት እንዳለ የሚነግርበት ጊዜ መጣ።

ለስምጥ ሸለቆው ተጓዥ ግን ኤርታግ ግማሽ መፍትሔ ነው። በትልልቅ ጣቢያዎች በአይፎን በያዙ መንገደኞች መሐል ሲያልፍ ይታያል፤ አብዛኛው ሰው አንድሮይድ በሚይዝበት በመቂ ወይም በሻሸመኔ መናኸሪያ ግን ድምፁ ይጠፋል። ጉግል ተመሳሳይ መረብ በ2024 ቢጀምርም ዕቃው ገና አልተዳረሰም። ደግሞም ኤርታግ ሻንጣው የት እንዳለ እንጂ በማን እጅ እንዳለ አይናገርም። ካሳ ሲጠየቅ የሚቆጠረው ደግሞ ይኼኛው ነው። ባትሪው ከውስጡ የማይወጣ «ብልህ ሻንጣ» የሠሩ ኩባንያዎች ታሪክም ማስጠንቀቂያ ነው፤ ትልልቅ አየር መንገዶች እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ሲከለክሉት ታዋቂው ብሉስማርት በዚያው ዓመት ተዘጋ።

በአየር መንገዶቹ በኩል ተስፋ የተጣለበት በሬዲዮ ሞገድ የሚነበብ ታግ ነው። ባርኮድ እንዲነበብ መብራቱ ሊያየው ይገባል፤ ታጉ ከተጨማደደ፣ ከተገለበጠ ወይም የባለ ቀይ ጨርቁ ገመድ ከሸፈነው ማሽኑ ዝም ይላል፣ ሻንጣውም በእጅ ወደሚለይበት ጥግ ይሄዳል። በሬዲዮ የሚነበበው ግን በወረቀቱ ውስጥ ቀጭን አንቴና ስላለው ከየትኛውም ወገን ሲያልፍ ይሰማል። የአሜሪካው አየር መንገድ ዴልታ እ.ኤ.አ. በ2016 በ50 ሚሊዮን ዶላር ይህንን በመላ መረቡ አስገባ፤ አያታም በ2019 በሴኡል ጉባኤው እንዲስፋፋ ወሰነ። እንቅፋቱ ታጉ ሳይሆን አንባቢው ነው። አዲስ አበባ ላይ የተለጠፈ አንቴና ያለው ታግ በሚደርስበት ጣቢያ የሚሰማው ከሌለ ተራ ወረቀት ነው። ከዚህም በታች፣ ሻንጣን የሚመለከቱ መልእክቶች ዛሬም በአብዛኛው የሚላኩት ከቴሌግራፍ ዘመን በተወረሰ አጭር ጽሑፍ መልክ ነው፤ አንድ መስመር ሲጎድል ሻንጣው የት እንደሚሄድ የማይታወቅ «ወላጅ የሌለው» ይሆናል።

ቢሾፍቱ ከባዶ መሬት መጀመሩ ዕድል ነው፤ ባዶ መሬት ግን ብዙዎችን አታሏል። የአሜሪካው ዴንቨር ማረፊያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሁሉንም ሻንጣ በራስ ገዝ ጋሪዎች አመላልሳለሁ ብሎ ጋሪዎቹ እየተጋጩ ሻንጣ ሲዘረግፉ፣ ማረፊያው 16 ወር ዘግይቶ በየካቲት 1995 ተከፈተ፤ ሥርዓቱም በ2005 ተጣለ። የለንደኑ ሂትሮው ተርሚናል 5 በመጋቢት 2008 ሲከፈት ማሽኑ ደህና ነበር። ሠራተኞቹ ግን መኪና የሚያቆሙበትን እንኳ በቅጡ አያውቁም ነበር፤ በሙከራ ጊዜ ከሌሎች አየር መንገዶች የሚመጡ መልእክቶችን እንዲያግድ የተደረገ ማጣሪያም ሳይነሣ ተረስቷል። ከ500 በላይ በረራዎች ተሠረዙ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሻንጣ ተከመረ። ከሁለቱ ለቢሾፍቱ የሚቀርበው የሂትሮው ነው። ማሽን በብድር ይገዛል፤ ከቦሌ ወደ አቡሴራ በሌሊት የሚሻገሩት ጫኝና አራጋፊዎች፣ ለያዮችና ተቆጣጣሪዎች ግን ወራት የፈጀ ልምምድ ያስፈልጋቸዋል። ልምምዱ ግንባታው ሲዘገይ መጀመሪያ የሚቆረጠው በጀት መሆኑ የታወቀ ነው።

ኢትዮጵያ ሌሎች የሌላቸው አንድ ጥቅም አላት። እ.ኤ.አ. በ2017 የኤርፖርቶች ድርጅት ከአየር መንገዱ ግሩፕ ጋር ከተዋሃደ ወዲህ፣ ማረፊያውን የሚያስተዳድረው፣ ሻንጣውን የሚያነሣውና የሚጭነው፣ አውሮፕላኑን የሚያበረው አንድ ቤት ነው። በአውሮፓ ጣቢያዎች ሦስትና አራት ኩባንያ መረጃ ለመለዋወጥ የሚደራደርበትን ይህ ቤት በውስጥ ደብዳቤ መጨረስ ይችላል። የዚያኑ ያህል ግን ሻንጣ ሲጠፋ የሚያመካኝበት ሌላ ወገን አይኖረውም፤ ይህ ለመንገደኛው መልካም ነው።

ሻንጣ ሲጠፋ ያለው መብት በደንብ አይታወቅም። እ.ኤ.አ. የ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት ለአንድ መንገደኛ ሻንጣ የካሳውን ጣሪያ ከታኅሣሥ 28 ቀን 2024 ጀምሮ 1,519 ኤስዲአር አድርጎታል፤ ከ2,000 ዶላር ትንሽ ይበልጣል። ኤስዲአር የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ነው። ጣሪያ ነው፣ ተመን አይደለም፤ የጉዳቱን መጠን የሚያስረዳው ባለቤቱ ነው። ለተጎዳ ሻንጣ በ7 ቀን፣ ለዘገየ ደግሞ ሻንጣውን በተረከቡ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልተጠየቀ መብቱ ይቀራል። በ21 ቀን ያልመጣ ሻንጣ እንደጠፋ ይቆጠራል። ከሦስት ዓመት ሥራ በኋላ ከጅዳ የተመለሰች የሻሸመኔ ልጅ ሻንጣዋ ሳይመጣ ሲቀር፣ ሌሊቱን ሙሉ የጠበቃትን ቤተሰብ ይዛ የቅሬታ ቅጽ ሳትሞላ ወደ 250 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ከቀናት በኋላ ሻንጣው ቢመጣም ከውጭ የገባ ዕቃ ነውና የጉምሩክ ፍተሻ ይጠብቀዋል፤ የትራንስፖርቱና የማደሪያው ወጪ በሻንጣው ካለው ብርድ ልብስ ዋጋ ሊስተካከል ይችላል። ለዋሽንግተን ነጋዴ የ48 ሰዓት መዘግየት መጉላላት ነው፤ ለእርሷ ግን ከገንዘብ ያለፈ ጉዳይ ነው፣ ለእያንዳንዱ ዘመድ የያዘችው ስጦታ እዚያ ውስጥ ነውና።

አዲሱ ማረፊያ ለአዳማ ከቦሌ ይልቅ ቅርብ ነው፤ የፍጥነት መንገዱም ባቡሩም በቢሾፍቱና በሞጆ በኩል ያልፋሉ። ሆንግ ኮንግ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ መንገደኛው ከተማው መሐል ባለ ባቡር ጣቢያ ሻንጣውን አስረክቦ ባዶ እጁን ወደ ማረፊያው እንዲሄድ አድርጋለች፤ ኒው ዴልሂም ተመሳሳይ አገልግሎት አላት። አዳማ ላይ እንዲህ ያለ መረከቢያ ቢከፈት የውሳኔ 753 የመጀመሪያው ምዝገባ ከቢሾፍቱ አዳራሽ ወደ አዳማ ይመጣል፤ ጩኮው የሚጠረጠረው ባለቤቷ አጠገብ እያለች፣ በቋንቋዋ ልታስረዳ በምትችልበት ቦታ ይሆናል። ይህ ሕንፃና የጥበቃ ሥርዓት ይጠይቃል፣ ስለዚህ ይዘገያል።

ሌላው ሥራ ግን አዲሱ ማረፊያ ይከፈታል እስከሚባልበት እ.ኤ.አ. 2030 መጠበቅ የለበትም። አራቱ ምዝገባዎች ዛሬም በአየር መንገዶች ኮምፒውተር ውስጥ አሉ፤ የመንገደኛውም ስልክ ቁጥር ከቲኬቱ ጋር ተይዟል። ሻንጣው ሲጫን፣ ሲሸጋገር፣ ሲቀር አንድ አጭር መልእክት፣ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ፣ ኢንተርኔት በማያስፈልገው ተራ ስልክ ሊደርስ ይችላል። ሻንጣዋ ጅዳ መቅረቱን ገና ከአውሮፕላኑ ስትወርድ ያወቀች ሴት ቀበቶውን ሳትጠብቅ በቀጥታ ወደ ቅሬታ መስኮቱ ሄዳ ቅጿን ትሞላለች፣ ቁጥሯን ትቀበላለች፣ ውጭ የሚጠብቋትንም ሳታስመሽ ወደ ሻሸመኔ መንገድ ትጀምራለች።